መጨረሻውን አስቀድማችሁ አትንገሯቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ጋዜጣችሁን የምናነበው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንዷ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች። «ወጣቱ ማንበብ ትቷል» የሚል ቅሬታ በገጾቻችሁ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቅሬታው ከልብ የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ከወጣቱ ጋር ነው የምውለው፤ የማየውም ሌላ ነው። እሱን ልጽፍላችሁ ብዬ ነው።

ልጆቹ ማንበብ አልተዉም። ስልካቸውን ብታዩ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ የማይከታተል ጥቂት ነው። ክፍል 14 ላይ ሰውየው በሩን ሲከፍት ታሪኩ ይቆማል። «ይቀጥላል» ይላል። ቀጣዩ እንዲለቀቅ ይህን ያህል ላይክ ይሙላ ይላል። ልጁ ላይክ ያደርጋል፣ ጓደኞቹን ያስገባል፣ ማታ ቤተሰቡ ተኝቶ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ያው ልጅ በማግስቱ እኛ ዘንድ መጥቶ አጭር ልብ ወለድ ሲጀመር ዴስኩ ላይ ይተኛል። የፊደል ግድፈት የሞላበትን ታሪክ እስከ እኩለ ሌሊት የጠበቀ ልጅ፣ ደራሲዎች ተጠንቅቀው የጻፉትን ታሪክ ለምን ይተኛበታል?

አጭር ልብ ወለድ በየትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚሰጥ ላስታውሳችሁ። እናንተም የተማራችሁት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። መምህሩ ይገባል። ሰሌዳው ላይ «የአጭር ልብ ወለድ አላባውያን» ብሎ ይጽፋል። ሥሩ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ትልም፣ አንጻር፣ ጭብጥ ብሎ ይደረድራል። ተማሪው ይገለብጣል። ቀጥሎ «ልብ ሰቀላ ማለት አንባቢው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ እንዲጓጓ የሚያደርግ ስልት ነው» ይላል። ይህም ይገለበጣል። ከዚያ ታሪኩ ገና ሳይነበብ «የዛሬው ታሪክ የሚያስተምረን ስግብግብነት ጎጂ መሆኑን ነው፤ ባለታሪኩ መጨረሻ ላይ ያለውን ሁሉ ያጣል» ብሎ ያርፋል። ንባቡ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየው ሁሉን እንደሚያጣ ግን ታውቋል። የቀረው ነገር እንዴት እንዳጣ ከሚንተባተብ ልጅ አፍ መስማት ብቻ ነው። ወጡን ሳያቀምሱ የቅመሙን ዝርዝር ማስገልበጥ ማለት ይህ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ትርጉሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንዳንዴም በሳምንቱ። መጀመሪያ አነባለሁ። የመጀመሪያውን ንባብ ለተማሪ አልሰጥም፤ ራሴ ነኝ የማነበው። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ድምፅ ይፈልጋል። የት ዝግ እንደሚባል፣ የት ትንፋሽ እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ የሰማችውን እስከ ዛሬ ታወራለች። መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም። ታሪኩን ግን ከነሰዎቹ ስም ታውቀዋለች፤ ለምን ቢባል አንዱ ትረካ ሲያልቅ እስከ ቀጣዩ ድረስ መጠበቅ ነበረባት። በመጠበቁ ውስጥ ደግሞ ታስብ ነበር። «እንዲህ ቢሆንስ?» እያለች ከጎረቤቶቿ ጋር ትከራከር ነበር። እኔ ክፍሌ ውስጥ የምፈልገው ይህንን ክርክር ነው።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪና ጸጥታ ማስከበር ከዚያ ላይ ቀላል የማይባል ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የት እንደማቆም ከቤቴ ወስኜ ነው የምሄደው። ለክፍሌ ብዬ ራሴ የጻፍኳት አጭር ታሪክ አለች። አንዲት ሴት አምሽታ ከሥራ ትወጣለች። መንገዱ ጭር ብሏል። መጀመሪያው አንቀጽ ላይ የቤቷን ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው በኮቷ ግራ ኪስ እንደከተተች ይነገራል፤ እንዲሁ በዋዛ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ። መሐል ላይ አንድ ሰው ይቅርታ ጠይቋት፣ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ ያልፋል። በሯ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ከቀኝ ኪሷ ታወጣለች። ቁልፉ በሩ ውስጥ ይገባል። ይዞራል። እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

ጩኸቱን መስማት ነበረባችሁ። «ቲቸር፣ ይጨርሱልን!» «ቲቸር፣ ውስጥ ሰው አለ አይደል?» ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲያጸዳ ቆይቶ ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ልጅ አለኝ። ብዙውን ጊዜ ድካም ያሸንፈዋል፤ አልፈርድበትም። የዚያን ቀን ግን እስከ ባጃጅ መያዣው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ማንም አይሰማም፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። አልነገርኩትም።

በማግስቱ ንባቡን አልቀጥልም። ወረቀት አድላለሁ። በአንድ ዴስክ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ ካቆምኩበት ድረስ ብቻ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቀጥሎ ምን ይሆናል? እንዲህ ያሰባችሁ ከየትኛው ቃል ተነስታችሁ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ነው ሥራውን የሚሠራው። «ሌባ ገብቷል» ማለት ቀላል ነው። «ከየት አመጣኸው?» ሲባል ልጁ ወደ ገጹ ይመለሳል። አጎንብሶ ያነባል። ሁለቴ፣ ሦስቴ ያነባል፤ ማንም ሳያስገድደው።

ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ቤቷ የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው። አማርኛ ስትናገር ልጆች ይስቁብኛል ብላ ስለምትፈራ እጇን አታወጣም። ሁሉም ስለ ሌባ ሲጯጯህ ቀስ ብላ ተነሳች። «ቲቸር፣ ቁልፉ ግራ ኪሷ ነበር» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱ ሁሉ መገለባበጥ ጀመረ። አንዱ «እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው የገፋትን ሰውዬ አስታወሰ። ሰውየው ቁልፉን ወስዶ ሌላ አስቀመጠላት? ታዲያ የሌላው ቁልፍ በሯን እንዴት ከፈተው? ክርክሩ እስከ ደወል ዘለቀ። «ንግር» የሚለውን የሙያ ቃል፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ በዋዛ መጠቆምን፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ቀን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ልጅቷ አስረድታ ጨርሳ ነበር።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እንዲታይልኝ ነው። የእኛ ክፍሎች ውስጥ አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆኑም ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጊኛ የሚናገሩ አሉ። ፈጥኖ የሚያነበው ልጅ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን ዘሎ ያልፋል። ቃል በቃል እየተጠነቀቀ የሚያነበው ግን ቁልፉ የት እንዳለ ያያል። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለዚህ ልጅ ዕድል ይሰጠዋል። ሌላ የትኛው የአማርኛ ትምህርት እንዲህ ዓይነት ዕድል እንደሚሰጠው እኔ አላየሁም።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግስ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንባቢው ሳይወድ በግዱ ይጠብቃል። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ልጁ መብራቱን ሳያበራ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እጁን ሰዶ፣ እናቱ የደበቀችውን ፖስታ…» የመጨረሻዋን ቃል በዳስተር እሸፍናለሁ። አገኘው? አጣው? ቀደደው? መለሰው? «መለሰው» ያለ ልጅ ነበር። ክፍሉ ዞሮ አየው። ፖስታውን ቀድሞ የወሰደው እሱ ነው ማለት ነዋ! በአንዲት ግስ ታሪኩ በሙሉ ተገለበጠ። ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍን ለየብቻ እያስተማርን ስንት ዓመት ተጓዝን። እዚህ ሰሌዳ ላይ ግን አንድ ናቸው።

ልጆቹን ማስጻፍ ስጀምር አንድ ችግር ገጠመን። ሁሉም ልብ መስቀል ማለት ማስደንገጥ ይመስላቸዋል። በድንገት ጥይት ይተኮሳል፣ በድንገት መኪና ይገለበጣል፣ መጨረሻ ላይ ባለታሪኩ ከሕልሙ ይነቃል። ለዚህ የረዳኝ የፊልም ሰው ነው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ረጅም ቃለ ምልልስ አድርጎ ነበር። እዚያ ላይ ልዩነቱን በቦምብ ያስረዳል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ቀድሞ ቢያውቅ፣ ግድግዳው ላይም ሰዓቱን እያየ ቢቀመጥ፣ ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡን ይሰቅለዋል። ስለዚህ ደራሲው ለአንባቢው መንገር አለበት፤ መከልከል ብቻ አይደለም ሥራው። ምን እንደሚነግር፣ ምን እንደሚያቆይ መምረጥ ነው።

ይህን ከነገርኳቸው በኋላ አንድ ግዴታ አስቀመጥኩ። ሰው የማይሞትበት ታሪክ ጻፉ አልኩ። ቦምብ የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ሕልምም የለም። አንዲት ተማሪ ያመጣችውን በፈቃዷ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «እሁድ ዕለት ለእናቴ እቁብ ወጣላት። በጣም ተደሰትን። ምክንያቱም የቤት ኪራይ ነበረብን።» በቃ፣ አለቀ። አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኳት። ኪራዩ መቼ ነበር የሚከፈለው? አከራዩ ምን ብሏል? ወረቀቱን ማን አነሳ? መልሷን እየነገረችኝ ሳለ ራሷ ገባት። ወረቀቷን ይዛ ሄደች።

ሁለተኛው ረቂቅ በአከራዩ ንግግር ይጀምራል። «ሰኞ ጠዋት ካልከፈልሽኝ ዕቃሽን አወጣዋለሁ» ይላል፣ ቅዳሜ ማታ በር ላይ ቆሞ። ቀጥሎ እሁድ ነው። እቁብተኞቹ ተሰብስበዋል። ቡና ተፈልቷል። እናትየው ለማንም ምንም አልተናገረችም፤ እየሳቀች ቡና ትቀዳለች። እኛ አንባቢዎቹ ብቻ ነን የምናውቀው። ዳኛው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው ይነቀንቃሉ። የጎረቤት ሕፃን ይጠራሉ። ሕፃኗ እጇን ከትታ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ታወጣለች። «አንድ ነው የኔ ልጅ፣ አንዱን መልሺው» ይሏታል። ሕፃኗ ሁለቱንም ታያለች። አንዱን ትመልሳለች።

ተማሪዋ ስታነብልን እዚህ ላይ ስትደርስ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር። የቱን መለሰች? ልጅቷ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፋዋለች። ታሪኩ የእሷ ስለሆነ እዚህ አላወጣውም። ይህን የጻፈችው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ማንም ስለ ልብ ሰቀላ ትርጉም አላስገለበጣትም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ የፈረንጅ ስልት ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። እንቆቅልህ ስንጫወት ያደግን ሰዎች ነን። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ያላወቀ ሰው መልሱን እንዲሁ አይሰጠውም። «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ቢሰጥ አይበቃም፤ ሐረርን ቢሰጥ አይበቃም። ጠያቂው የወደደውን አገር እስኪያገኝ ድረስ መልሱ ታስሮ ይቆያል። አገሩ ላይ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ እየዘረዘረ ያጓጓል። ሳቁ ሁሉ ያለው እዚያ ማቆየቱ ላይ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሐዋሳ ከነሐይቋ ስንት ጊዜ ተሰጥታለች!

አፈርሳታንም አነሳላቸዋለሁ፤ አውጫጭኝ የሚባለውን። አንድ ነገር ሲሰረቅ ወይም ጥፋት ሲደርስና አድራጊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። አጥፊው ካልተገኘ ዕዳው ለሁሉም ይሆናል። አስቡት እንግዲህ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ አበልጆች ናቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ያውቃል። ላሙ ያልታለበችበት፣ ማሳው ያልታረመለት ሰው እየተቁነጠነጠ ነው። ያየው ሰው ደግሞ ከሌባው ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የበለጠ መቼት ከየት ይመጣል? አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ልኬያቸው የማላውቀውን ብዙ ነገር ይዘውልኝ መጥተዋል። በበላ ልበልሃ ሙግት ላይ የጻፈም አለ። ተሟጋቹ ቅኔ እያዘነበ ተቀናቃኙን ሲያስጠብቅ ታሪኩን የሚይዘው ራሱ ክርክሩ ነው።

ተቃውሞ አላጣሁም። አንድ ወላጅ ስብሰባ ላይ ተነስተው «መምህር፣ ልጆቻችንን ስለ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው እንዴ የምታስተምሪያቸው?» ብለውኛል። የእቁቡን ታሪክ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱበትም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። «አማርኛ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የለም፤ ልጆቹን ለምን ታደክሚያቸዋለሽ?» የሚል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያየነው ውጤት ሁላችንንም አስደንግጧል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ይህን ይፈታል አልልም። ነገር ግን ወረቀት ላይ ዓይኑን ተክሎ መቆየት የማይችል ልጅ በየትኛውም ቋንቋ የቀረበለትን ረጅም ምንባብ አይጨርስም። «ከየትኛው ቃል ተነስተህ ነው?» ተብሎ ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ ከአራት ምርጫ አንዱን በግምት ነው የሚያጠቁረው። እኔ የማስተምረው ይህንን ነው፤ በአማርኛ።

ችግሩ ታሪኩ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁሉም አልደረሰም፤ ብዙዎቹ በስልካቸው ፒዲኤፍ ነው የሚያዩት። ስልክ የሌለው ከጎኑ ተቀምጦ አንገቱን ያሰግጋል። ስልኩ ላይ ደግሞ ልጁ ጣቱን ወደ ላይ ሰደድ አድርጎ መጨረሻውን ቀድሞ ያየዋል። የቤተ መጻሕፍታችን ልብ ወለዶች ከመነበባቸው ብዛት የመጨረሻ ገጾቻቸው ወልቀዋል፤ ለእኛ ሥራ ከዚህ የከፋ የለም። ፎቶ ኮፒውን ከኪሴ ነው የማወጣው፤ ሌሎች የማውቃቸው መምህራንም እንደዚሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመማሪያ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ጭብጡንና የታሪኩን ፍጻሜ የሚያወጣ ማስታወሻና ጥያቄ ከምንባቡ በፊት አታስቀምጡብን። ከምንባቡ በኋላ፣ ከተቻለም በሌላ ገጽ ላይ አድርጉልን። የቅድመ ንባብ ጥያቄ ያስፈልጋል ከተባለ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ከርዕሱ ተነስታችሁ ምን የሚደርስ ይመስላችኋል?» ሌላውን ለልጆቹ ተዉላቸው።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው። በሳምንት ግማሽ ገጽ ስጡን። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመጥን አንድ ልብ አንጠልጣይ አጭር ታሪክ አትሙ፤ ግን ለሁለት ከፍላችሁ። ጥሩው ቦታ ላይ አቁሙና ቀሪውን በሚቀጥለው ሳምንት አምጡት። የተማሪዎችን ግምት ተቀበሉ፤ ከነምክንያቱ የቀረቡትን ሁለት ሦስቱን ከመጨረሻው ክፍል ጎን አውጡላቸው። አንድ የሐዋሳ ልጅ የጻፈውን የደሴና የጅማ ልጅ ሲያነበው ይታያችሁ። መምህራንም እንጽፋለን፤ በየቤታችን ለክፍላችን ብለን የጻፍናቸው ታሪኮች አሉን። የእቁቡን ታሪክ ልጅቷና ወላጆቿ ከፈቀዱ ለመጀመሪያው ሳምንት እልክላችኋለሁ።

አንድ የአፈጻጸም ነገር ብቻ ላክልበት። የታሪኩ እያንዳንዱ ክፍል ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ፊደሉም ደቃቃ አይሁን። ቆርጠን ፎቶ ኮፒ ስናደርገው በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቅጂ ይወጣልናል፤ ወረቀቱን መሐሉ ላይ ቀደን ለሁለት ዴስክ እናካፍለዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ መምህርት
ሐዋሳ